ትሪቶንን መገንባት፦ ዕቃን መለየትና ካርቡራተርን ማስተካከል

በዚህ ትምህርት በቤት ውስጥ በእጅ የሚገነባ የቆየ ሞተር ሳይክል ዕቃው እንዴት እንደሚመረጥና ካርቡራተሩ እንዴት እንደሚስተካከል እንማራለን። ሲነገር ሁለት ርእስ ይመስላል። ደረጃ በደረጃ ስንሄድ ግን ካርቡራተር የማስተካከል ሥራ የሚጀምረው ካቻቢቴ ሲነሣ ሳይሆን ዕቃው ሲገዛ መሆኑን እንረዳለን። ለምሳሌ የምንወስደው ትሪቶን የተባለውን የእንግሊዞች ሞተር ሳይክል ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ትሪቶን ምን እንደሆነ እንወቅ። ትሪቶን አንድ ፋብሪካ ሠርቶ የሸጠው ሞተር ሳይክል አይደለም። የትራየምፍን ሞተር በኖርተን ሻንሲ ላይ በመግጠም ባለቤቱ ራሱ የሚሠራው ነው፤ ስሙም ከሁለቱ ስሞች ተቀጣጥሎ የወጣ ነው። ሻንሲ ስንል ሞተሩን፣ ጎማዎቹንና ነጂውን የሚሸከመውን የብረት አጽም ማለታችን ነው። የተፈለገው የኖርተን ሻንሲ የቤልፋስት ሰዎች የሆኑት የማካንድለስ ወንድማማቾች ያወጡትና በ1950 በኖርተን የውድድር ሞተሮች ላይ የታየው ነው። ተወዳዳሪው ሃሮልድ ዳንየል ከነዳው በኋላ በላባ ፍራሽ ላይ እንደ መተኛት ነው ስላለ «ፌዘርቤድ» የሚል ስም ወጣለት። ከትራየምፍ ወገን የሚወደደው ደግሞ በ1959 የወጣው ቦንቪል ቲ120 ነው። ሁለት ሲሊንደር፣ ሁለት ካርቡራተርና 649 ሲሲ አለው።

ለምን ተጋቡ? በእነዚያ ዓመታት በትንንሽ 500 ሲሲ መኪኖች የሚወዳደሩ ሰዎች የኖርተን ማንክስን ሞተር አጥብቀው ይፈልጉ ነበር። ኖርተን ግን ሞተሩን ለብቻው አይሸጥም ነበርና ሙሉውን ሞተር ሳይክል ገዝተው ሞተሩን ብቻ ይወስዱ ነበር። ባዶውን የቀረ ምርጥ ሻንሲ በቀላሉ የሚገኘውና ጉልበቱ በቀላሉ የሚጨመረው የትራየምፍ ሞተር ሞላው። እንግዲህ ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እንያዝ፦ ለትሪቶን የተጻፈ የፋብሪካ መጽሐፍ የለም። የትራየምፍ መጽሐፍ የሚናገረው ስለ ራሱ የአየር ማጣሪያና ስለ ራሱ ማርሚታ ነው፤ የኖርተን መጽሐፍም ስለዚህ ሞተር አያውቅም። ስለዚህ ገንቢው እያንዳንዱን ዕቃ በስሙና በዓይነቱ ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል።

ዕቃ ከየት ይገኛል? በእንግሊዝ አገር «አውቶጃምብል» የሚባል ገበያ አለ። አውቶጃምብል ማለት ሰዎች ያረጀና የተፈታ የመኪናና የሞተር ዕቃ በሜዳ ላይ ዘርግተው የሚሸጡበት ነው። የመርካቶን ምናለሽ ተራ የሚያውቅ አንባቢ መልኩን ወዲያው ይገምታል። ከሁሉ የታወቀው በሃምፕሸር ግዛት በቢዩሊ ከ1967 ጀምሮ የሚደረገው ነው። ከዚህ ሌላ በክለቦች በኩል፣ የቆዩ ሞተሮችን ዕቃ ብቻ ከሚሸጡ መደብሮች፣ ከግለሰብ ጋራዦችም ይገኛል። ቦታው ግን ዋናው ጥያቄ አይደለም። ዋናው ጥያቄ የያዝነው ዕቃ ከየትኛው ወገን ነው የሚለው ነው።

ወገኖቹ አራት ናቸው። አንደኛው በዘመኑ ተሠርቶ ያገለገለ ዕቃ ነው። ሁለተኛው በዘመኑ ተሠርቶ ሳይገጠም በመጋዘን የቆየ ነው። ሦስተኛው የስሙ ባለመብት የሆነ ድርጅት ዛሬ በፋብሪካው ልክ የሚያመርተው ነው። አራተኛው ሌላ ሠሪ አይቶ የቀዳው ነው፤ ይህን ቅጂ እንበለው። ቅጂ ሁሉ መጥፎ ነው አንልም፤ ከመጀመሪያው የተሻለ ቅጂም አለ። የምንለው፣ የቅጂ ትክክለኛነት በላዩ በታተመው ቁጥር ሳይሆን በመለኪያ የሚታወቅ መሆኑን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚያደናግረው ልዩነት አለ። አዲስ ማለት ትክክል ማለት አይደለም፤ አሮጌ ማለትም ያለቀ ማለት አይደለም። በዘመኑ ተሠርቶ በዘይት ወረቀት ተጠቅልሎ የቆየ ማርሽ ዛሬም እንደ ተሠራበት ቀን ሊሆን ይችላል። በዚያው መጋዘን ውስጥ የቆየ ጎማ ነክ ዕቃ ግን፣ የዘይት መከላከያ ቀለበትም ሆነ የቤንዚን ቱቦ፣ ሳይነካ አርጅቷል። ብረትን ዕድሜው ብቻ አያደክመውም፤ ጎማን ግን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያደክመዋል። ስለዚህ ሁለተኛው ወገን ለብረት መልካም፣ ለጎማ ግን የማይመከር ነው።

ከዚህ ቀጥሎ በብሎን ጥርስ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ብዙ ቴስታታና ብዙ የሞተር ሳጥን የተበላሸው በዚህ ነውና። የብሎን ጥርስ ስንል በብሎኑ ዙሪያ የተቆረጠውን ጠመዝማዛ መንገድ ማለታችን ነው። ጥርስ በሦስት ነገር ይለያል፦ በብሎኑ ውፍረት፣ በአንድ ኢንች ውስጥ ባሉት ጥርሶች ብዛት፣ በጥርሱ ማዕዘን። ጆሴፍ ዊትወርዝ በ1841 ያወጣው ሥርዓት ማዕዘኑ 55 ዲግሪ ነው። የእንግሊዝ የብስክሌትና የሞተር ሳይክል ሠሪዎች የያዙት የሳይክል ጥርስ ግን 60 ዲግሪ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ፋብሪካዎቹ ወደ ተዋሐደው የኢንች ጥርስ መዛወር ጀመሩ፤ እርሱም 60 ዲግሪ ነው።

አሁን የ1/4 ኢንች ብሎን እንውሰድ። ረቂቁ የዊትወርዝ ወገን ጥርስ በኢንች 26 ነው፤ የሳይክሉም ጥርስ 26 ነው። ውፍረቱ አንድ፣ ብዛቱ አንድ፣ ማዕዘኑ ግን ሌላ። ብሎኑ ይገባል፤ ጥቂት ዙር ከተጓዘ በኋላ ይጠብቃል፤ ጀማሪው ዝገት ነው ብሎ በቁልፍ ይገፋዋል። ያን ጊዜ የአሉሚኒየሙ ጥርስ ይታጠባል። 6 ሚሊ የሚባለውስ? 1/4 ኢንች 6.35 ሚሊ ነውና በ1/4 ኢንች ዳዶ ውስጥ ይላወሳል፤ የያዘ መስሎ ይለቃል። ትሪቶን ከሁለት ፋብሪካና ከተለያዩ ዓመታት የተሰበሰበ ስለሆነ በአንድ ሞተር ሳይክል ላይ ብዙ የጥርስ ሥርዓት ይገናኛል። ስለዚህ የጥርስ መለኪያ መግዛት ከማንኛውም ጌጥ ይቀድማል። ሕጉም ቀላል ነው፦ በጣት እስከ መጨረሻው ያልገባ ብሎን በቁልፍ አይገፋም።

እስካሁን ሦስት ነገር ይዘናል፦ ትሪቶን የራሱ መጽሐፍ የለውም፤ ዕቃ በወገኑ ይለያል፤ የሚመስል ሁሉ አንድ አይደለም። ይህን ይዘን ወደ ካርቡራተሩ እንለፍ።

ካርቡራተር አየርንና ቤንዚንን በልክ ደባልቆ ለሞተሩ የሚሰጥ ዕቃ ነው። ድብልቅ የምንለው ይህን የአየርና የቤንዚን ውሕድ ነው። ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲነድ በክብደት 1 እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ ያህል አየር ይፈልጋል። ከዚህ ልክ ቤንዚኑ ሲያንስ ድብልቁ ቀጠነ እንላለን፤ ሲበዛ ወፈረ እንላለን። ቃሉ ከቡና የተወሰደ ነው ብላችሁ ያዙት፤ አቦሉ ወፍራም፣ በረካው ቀጭን እንደሆነ። የወፈረ ድብልቅ ካንዴላን ያጠቁራል፣ ጉልበት ይቀንሳል፣ ቤንዚን ይፈጃል። የቀጠነ ድብልቅ ግን ከዚህ የከፋ ነው፤ ሙቀት እየጨመረ ፒስቶን እስከ ማቅለጥ ይደርሳል። ስለዚህ በጥርጣሬ ጊዜ ወደ ወፍራሙ ማድላት ይሻላል።

በእነዚህ ሞተሮች ላይ የሚገኘው ካርቡራተር አማል ይባላል። አማል በ1927 ሦስት የካርቡራተር ሠሪዎች ሲዋሐዱ የተመሠረተ ነው፤ ስሙም መዋሐድ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የወጣ ነው። ሁለት ዓይነቱን እንለይ። ሞኖብሎክ የቤንዚን ጎድጓዳው ከአካሉ ጋር በጎን አብሮ የተቀለጠ ነው፤ ከ1967 በፊት ብዙዎቹ ቦንቪሎች የያዙት ይህን ነው። ኮንሴንትሪክ ግን ጎድጓዳው ከሥር ሆኖ ዋናውን ጄት የሚከብብ ነው፤ ከ1967 ጀምሮ ተተካ። ጄት ማለት ቤንዚን በልክ የሚያልፍበት የተለካ ቀዳዳ ነው። ዛሬም እነዚህ ካርቡራተሮች በዚያው በአማል ስም እየተመረቱ ስለሚሸጡ፣ ቀደም ብለን ሦስተኛ ካልነው ወገን ናቸው።

የውስጥ ክፍሎቹን በስማቸው እንወቅ። በእጀታው ካቮ እየተሳበ ወደ ላይ የሚነሣው የአየር መንገዱ መክፈቻ በር ይባል። በበሩ የአየር መግቢያ ወገን ታችኛው ጠርዝ ተቆርጧል፤ ይህን ቁርጥ እንለዋለን። ቁጥሩ በኢንች 16ኛ ይለካል፤ 3 ቁጥር ማለት 3/16 ኢንች ነው። ከበሩ ላይ ሾጣጣ መርፌ ተንጠልጥሎ በመርፌ ጄት ውስጥ ይወርዳል። ከሥሩ ዋናው ጄት አለ። ሞተሩ ቆሞ በዝግታ ሲዞር፣ መካኒኮቻችን በጣሊያንኛው ሚኒሞ በሚሉት ሁኔታ፣ ቤንዚን የሚሰጠው ትንሹ የሚኒሞ መንገድ ነው። ከጎኑ ያለው የአየር ቡሎን ሲጠብቅ አየር ይቀንሳልና ድብልቁን ያወፍራል፤ ሲላላ ያቀጥናል።

አሁን የትምህርቱ ልብ ወደ ሆነው ልዩነት ደርሰናል። እነዚህ ክፍሎች ሥራቸውን የሚከፋፈሉት በሞተሩ ፍጥነት ሳይሆን በበሩ መከፈት መጠን ነው። ከዝግ እስከ 1/8 ድረስ የሚገዛው የሚኒሞ መንገድ ነው። ከ1/8 እስከ 1/4 የበሩ ቁርጥ ይገዛል። ከ1/4 እስከ 3/4 መርፌው ከመርፌ ጄቱ ጋር ይገዛል። ከ3/4 እስከ ሙሉው ዋናው ጄት ይገዛል። ድንበሮቹ እንደ አጥር የተቆረጡ አይደሉም፤ አንዱ በሌላው ላይ ጥቂት ይደርባል። ሆኖም ትርጉሙ ከባድ ነው። በከፍተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ዳገት የሚወጣ ሞተር እጀታው ሙሉ ከተከፈተ በዋናው ጄት ላይ ነው። ቁልቁለት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ሞተር እጀታው ከተዘጋ በሚኒሞ መንገድ ላይ ነው። «ሲፈጥን ይንተፋተፋል» የሚል ቅሬታ ስለዚህ ገና አልተጠናቀቀም፤ «እጀታው ምን ያህል ተከፍቶ?» ብለን መጠየቅ አለብን። በእጀታው ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ 1/8፣ 1/4፣ 3/4 ብላችሁ ምልክት ብታደርጉ ግማሹን ሥራ ጨረሳችሁ።

ማስተካከል ከመጀመሩ በፊት ግን የሚጣሩ ነገሮች አሉ። በቦንቪሉ ሞተር የቫልቭ ክፍተት በቀዝቃዛው መግቢያው 0.002፣ መውጫው 0.004 ኢንች ነው። የካንዴላው እሳት ጊዜ ልክ ይሁን። ቤንዚኑ ሳይቆራረጥ ይውረድ። ካርቡራተሩ ከቴስታታው የሚጋጠምበት ፊት ጠፍጣፋ መሆኑን በመስታወት ላይ አስተኝታችሁ እዩ፤ ሁለቱ ዳዶዎች ከልክ በላይ ሲጠበቁ ፊቱ ይጎብጣል፣ አየር ይሾልካል፣ ድብልቁም ይቀጥናል። ሾልኮ የሚገባን አየር በየትኛውም ጄት ማረም አይቻልም። ኮንሴንትሪኩ ለብዙ ጊዜ ከቆመ ደግሞ የሚኒሞው ቀጭን ቀዳዳ በደረቀ ቤንዚን ይደፈናል፤ ልኩ 0.016 ኢንች የሆነ ቀጭን ቦረቦሪ በእጅ አዙሮ ማጽዳት የቆየ መድኃኒቱ ነው። በብሪታንያ ከመስከረም 2021 ወዲህ የሚቀዳው መደበኛ ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል ስላለበት የቆየ ጎማንና የቆየ ተንሳፋፊን ይጎዳል። ተንሳፋፊ ያልነው በጎድጓዳው ውስጥ የቤንዚኑን ከፍታ የሚጠብቀውን ነው፤ ከጠለቀ ካርቡራተሩ ይጥለቀለቃል።

ዕቃ መግዛትና ማስተካከል አንድ ሥራ ነው ያልነው የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። የመርፌ ጄት 106 ተብሎ ሲታተም ቀዳዳው 0.106 ኢንች ነው ማለት ነው። ቀጣዩ ልክ 107 ነው። በመካከላቸው ያለው የአንድ ኢንች ሺኛ ብቻ ነው። መርፌው ለዓመታት በቀዳዳው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ሺኛውን በቀላሉ ይበላዋል። ያገለገለው 106 እንግዲህ በሥራው 107 ሆኗል፤ ማኅተሙ ግን አሁንም 106 ይላል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ከገበያ የገዛሁት ጥንድ ካርቡራተር የቀኙ ሁልጊዜ ይወፍር ነበር። መርፌውን ዝቅ አደረግሁ፣ የአየር ቡሎኑን ፈታሁ፣ ሁለት ቅዳሜ አለፈ። በመጨረሻ ሁለቱንም መርፌ ጄቶች ለካሁ፤ የቀኙ ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ ነበር። በአዲስ ሲተካ ችግሩ ከዚያው ሰዓት ጀምሮ ቀረ። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ያስተካከልሁት ካርቡራተሩን ሳይሆን የሐሰት ማኅተሙን ነበር። በሩም እንዲሁ ያልቃል፤ በኮንሴንትሪክ በሩና አካሉ ከአንድ ዓይነት የዚንክ ቅልቅል ስለተሠሩ እርስ በርሳቸው ይበላላሉ። በሩን ይዛችሁ ወደ ጎን ስታወዛውዙት ቢንገጫገጭ ሚኒሞው ጸንቶ አይቆምም።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ እንሂድ፤ ይህ ቅደም ተከተል የአማል የራሱ ነው። መጀመሪያ ዋናው ጄት ይስተካከላል። መርፌ ጄቱ የሚጠጣው በዋናው ጄት ውስጥ ያለፈውን ቤንዚን ስለሆነ ከእርሱ በላይ ያለው ሁሉ የሚታመነው እርሱ ሲታመን ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አደጋ በሌለበት መንገድ ወይም ሜዳ እጀታውን ሙሉ ከፍታችሁ ንዱ። ሞተሩ ከብዶት ቢንደፋደፍ ጄቱ ትልቅ ነው። እጀታውን ጥቂት መለስ ስታደርጉ ጉልበት ከጨመረ ጄቱ ትንሽ ነው። ለማረጋገጥ በሙሉ እጀታ ላይ ሳላችሁ እሳቱን አጥፍታችሁ ፍሪሲዮኑን በአንድ ጊዜ ጨብጣችሁ ቁሙና ካንዴላውን ፍቱ፤ ቡናማ ቢሆን መልካም፣ ጥቁር ቢሆን ወፍሯል፣ ነጭ ቢሆን ቀጥኗልና ሳትዘገዩ ትልቅ ጄት ግጠሙ። ትሪቶን ብዙ ጊዜ የአየር ማጣሪያ ሳይኖረው በክፍት የአየር አፍ ስለሚሠራ ከመጽሐፉ ቁጥር የሚበልጥ ጄት ሊሻ ይችላል።

ሁለተኛው ሚኒሞ ነው። የአየር ቡሎኑን እስከ መጨረሻው አጥብቃችሁ አንድ ዙር ተኩል ያህል መልሱና ከዚያ ተነሡ። በየሩብ ዙሩ አዳምጡ፤ ሞተሩ ሳይዛነፍ በጣም የሚፈጥንበት ነጥብ ልኩ ነው። ሦስተኛው የበሩ ቁርጥ ነው። ከሚኒሞ እጀታውን ቀስ ብላችሁ ስትከፍቱ ሞተሩ በካርቡራተሩ በኩል ወደ ኋላ ቢያስነጥስ ቀጥኗል፤ የአየር ቡሎኑን ጥቂት አጥብቁ፣ ካልተወው ቁርጡ ትንሽ የሆነ በር ያስፈልጋል። ሳያስነጥስ ቢንገጫገጭ ግን ወፍሯል። አራተኛው መርፌው ነው። በላዩ ላይ ጎድጎዶች አሉ፤ ማያዣው በላይኛው ጎድጎድ ሲሆን መርፌው ዝቅ ይላል፣ ድብልቁም ይቀጥናል። ከዝቅተኛው ተነሥታችሁ በመካከለኛው መከፈት ጉልበቱ ጥሩ እስኪሆን ከፍ አድርጉት። አምስተኛው ወደ ሚኒሞ ተመልሶ ማጥራት ነው፤ ቁርጡ ከተለወጠ ሚኒሞውም ጥቂት ተነክቷልና።

ሁለቱን ካርቡራተሮች እኩል ማድረግ የራሱ ሥራ ነው። እኩል ማለት ሁለቱ በሮች በአንድ ቅጽበት ይነሣሉ፣ በአንድ ቅጽበትም ያርፋሉ ማለት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ አንድ ጣት በአንዱ፣ ሌላ ጣት በሌላው በር ሥር አድርጋችሁ ሌላ ሰው እጀታውን ይክፈት፤ አንዱ ከቀደመ በካቮው ማስተካከያ መልሱት። ከዚያ ሞተሩን አስነሥታችሁ የአንዱን ካንዴላ ሽቦ ነቅላችሁ በሌላው ብቻ አሠሩት፤ ቀጥሎም ተራውን ቀይሩ። በሁለቱም ወገን ድካሙ እኩል እስኪሆን የበሩን መቆሚያ ቡሎን አስተካክሉ። የተነቀለው ሽቦ ባዶውን አይንጠልጠል፤ አሮጌ ካንዴላ ገጥማችሁ ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩት። የመጀመሪያዎቹ የቦንቪል ሞተሮች እሳት የሚያገኙት ማግኔቶ ከሚባለው እሳት አመንጪ ነው፤ እሳቱ መውጫ ካጣ የማግኔቶውን የውስጥ መጠምጠሚያ ይበሳል።

በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ሞተሩ ቢሻሻልም የቱ እንዳሻሻለው አያውቅም። ሥራው ሲያልቅ የዋናውን ጄት ቁጥር፣ የመርፌ ጄቱን፣ የመርፌውን ጎድጎድ፣ የበሩን ቁርጥ፣ የአየር ቡሎኑን ዙር፣ ለቀኝና ለግራ ለየብቻ፣ ከቀኑ ጋር ጽፋችሁ ከኮርቻው ሥር አስቀምጡ። ሞተሩን ከእናንተ በኋላ የሚይዘው ሰው ከዚያች ወረቀት በቀር ሌላ መጽሐፍ አያገኝም።